ቅጠል ቁጥር አሥራ ሰባት

ሰኞ 3

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ከቤተ ሙከራው ጠርሙስ አጠባ ተገላገልኩ። ዛሬ አለቃዬ ጠርቶ ባለ አራት ዓምድ ሰንጠረዥ ሰጠኝ፦ የተክሉ ስም፣ የሚወሰደው ክፍል፣ አዘገጃጀት፣ መጠን። (መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከጀርባው "ሰንጠረዥ" ነው የሚለው። ቁርሱንም በዓምድ ከፋፍሎ ይበላል ይባላል።) ለልብ ሕመም የሚሰጡ ዕፅዋትን ከአንዲት መድኃኒት አዋቂ ዘንድ እየሄድኩ እመዘግባለሁ። ዝናቡ ሳያበቃ ሞልቼ ካመጣሁ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ካልሆነ ጠርሙሶቼ ይጠብቁኛል።

ሴትዮዋን ሠፈሩ "እማማ ሦስት ጣት" ይላቸዋል። አሥሩም ጣቶቻቸው በየቦታቸው ናቸው፤ የበሽተኛ እጅ የሚይዙት በሦስቱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችኝ። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ "ልብሽ ሰፍቷል" ካላት ጀምሮ በየጠዋቱ ኪኒን ትወስዳለች፤ ስለ ልብ ሲወራ ጆሮዋ ይቆማል። አፏ ግን ይቀልዳል። "ባይሰፋ ኖሮ አባትሽን የት አስቀምጠው ነበር?" ትላለች፣ ሟቹን አባቴን።

ለእሷ የሚሆን አንድ ነገር ባገኝስ? ይሄን ለሰንጠረዥ አልነገርኩትም።

ረቡዕ 5

የእማማ ክፍል ጠባብ ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ቆርቆሮዎች። ያየሁትን ሳልረሳ ልጻፍ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአምስት ዓመት ትምህርት አላየሁም።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር መጣ። ገና ሳይቀመጥ እማማ ጫማውን አዩት። "ማሰሪያውን ማን ፈታብህ?" አሉት። "እግሬ አብጦ ነው፣ እማማ።" "ስንት ትራስ ነው የምትተኛው?" "ድሮ አንድ፤ አሁን ሦስት።" ቀጥሎ እስከ በሩ ሄዶ እንዲመለስና እየሄደ ትናንት የት እንደዋለ እንዲነግራቸው አዘዙት። ወሬውን አልነበረም የሚሰሙት። ዓረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደሚቆረጥ ነበር የሚያዳምጡት!

አራተኛው ጥያቄ፦ "የሐኪም ቤት ኪኒን ትወስዳለህ?"

"እወስዳለሁ።"

ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሱት። "እንግዲያው ከእኔ ቅጠል የለህም። እግርህን እያሳየህ ወደ ሐኪምህ ሂድ። ለአንድ ፈረስ ሁለት ልጓም አይደረግም፤ ገደል ይከተዋል።"

ሰውየው ተቆጣ፣ ለመነ፣ ሄደ። እኔ ላጨብጭብ ቃጥቶኝ እጄን ያዝኩ።

ዓርብ 7

ነጭ ሽንኩርት፣ ከርከዴ፣ የወይራ ቅጠል። እነዚህን ደም ግፊት ላለበት እንደ ምክር ነው የሚሰጡት፣ እየሳቁ። "ደወል ቅጠል" የሚሏትን ሲያወጡ ግን ሳቃቸው ይቆማል። አበባዋ ወደ ታች የተንጠለጠለ ደወል ይመስላል፤ ቅጠሏ ለስላሳ ጠጉር አለው። ልትቆም የደረሰች ልብን የምታስነሳ፣ የምትጋልብን የምታረጋጋ እሷ ናት አሉኝ።

"ስትበዛስ?"

"መጀመሪያ ሆድ ትገለብጣለች። ቀጥላ ዓለሙን ቢጫ ታለብሳለች። ከዚያ ልብን ታስተኛለች።"

ዓለሙን ቢጫ ታለብሳለች! ሁለቴ አሰመርኩበት። ይሄን ለማወቅ ስንት ሰው ስንት ዘመን ተመለከተ?

"መጠኑስ፣ እማማ? ስንት ቅጠል ልበል?"

"ለማን?"

"እንዲሁ በአጠቃላይ።"

"አጠቃላይ የሚባል በሽተኛ በዚህ በር ገብቶ አያውቅም፣ ልጄ።"

የልብ ትርታ የሚቆጥሩት በሰዓት አይደለም፤ በራሳቸው ትንፋሽ ነው። በአንድ ትንፋሽ አምስት ከመታ ደህና። በስልኬ ለካኋቸው፦ በደቂቃ አሥራ አምስት ጊዜ ይተነፍሳሉ። ረቡዕ አሥራ አምስት፣ ዛሬም አሥራ አምስት። እኔ ስሞክር ትንፋሼ የሹፌሩን ያህል የሚያለከልክ ሆነብኝ። "መጀመሪያ አንቺ ተረጋጊ" አሉኝ፤ "የምትወዛወዝ ሚዛን አትመዝንም።"

ማክሰኞ 11

የቤተ ሙከራው ማድረቂያ ተቃጠለ። ጠጋኙ "ዕቃ እስኪመጣ" ይላል። ዕቃው ከየት እንደሚመጣ እሱም አያውቅም። ናሙናዎቹን ቤት አመጣኋቸው፤ በጋዜጣ መሀል አድርጌ፣ ከላያቸው የእማዬን የጨርቅ ጥቅሎች ጭኜ፣ በረንዳው አጠገብ ደረደርኳቸው። በሰንጠረዥ ደንብ ስም አይጻፍባቸውም፤ ቁጥር ብቻ። የእማማ ዕውቀት እንዳይዘረፍ ነው፤ ደግ ሐሳብ ነው።

እማዬ "ጋዜጣውን በየቀኑ መቀየር የእኔ ሥራ ነው" አለች። ረዳት አገኘሁ! አንድ በአንድ አስተዋወቅኋት። "ይቺ አሥራ ሰባት ቁጥር ንግሥቲቱ ናት። የደከመ ልብ የምታስነሳው እሷ ናት" አልኳት። ሃያ አራት ቅጠል። እማዬ አንዷን አንስታ በጉንጯ ዳበሰቻት። "እንደ ቬልቬት" አለች።

ትራሴ ጠፍቷል። እማዬ አልጋ ላይ አገኘሁት። "አንቺ ወጣት ነሽ፣ በክንድሽ ተኚ" ትለኛለች።

ሐሙስ 13

በጥድፊያ። የእማዬ የሐኪም ቀጠሮ ዛሬ ነበር። አብሬያት ልሄድ ቃል ገብቼ ነበር፤ ግን እማማ ዛሬ ቅጠል ሲለቅሙ ካላየሁ ለዘንድሮ አበቃ። "ሂጂ፣ ከጎረቤቴ ጋር እሄዳለሁ" አለችኝ። ውጭው ጭቃ፣ እሷ በክፍት ነጠላ ጫማ! ስጠይቃት "እግሬ አየር ፈለገ።" ሳቅሁ። አውቶቡሱ መጣ።

ቅዳሜ 15

ሐኪሙ ምን እንዳለ ስጠይቃት "ያው ነው" አለች።

አሥራ ሰባት ቁጥር ሃያ አንድ ቅጠል ሆኗል። ሦስቱን ለሙከራ ፈጭቼ ሳልመዘግብ ቀርቼ ይሆናል። ደብተር ይዤ እየዞርኩ የማልመዘግብ እኔ ነኝ። ሰንጠረዥ ቢሰማ!

ሰኞ 17

ደስ የሚል ቀን። እማዬ ሦስቱን ፎቅ ሳታርፍ ወጣች። ዝግ ጫማዋን አድርጋለች፤ ትራሴንም መለሰችልኝ። "ምን አገኘሽ?" ስላት "ምን አገኛለሁ፤ ልጄ ስታወራ እየሰማሁ ነው" አለች። እኔም አወራሁላት፤ የሞት አፋፍ ላይ ደርሶ በደወል ቅጠል ስለተነሣው ግንበኛ፣ እማማን "እናቴ" ብሎ ስለሚጠራው። ስፌቷን ትታ ሰማችኝ።

ሰንጠረዥ ስልክ ደወለ። "መጠን ባዶ ነው።" "እየሠራሁበት ነው።" "ሥራሽን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የምፈልገው።" ለእማማ ስነግራቸው፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለው ወንፊታቸውን ነቀነቁ።

ሐሙስ 20

አሥራ ሦስት ቅጠል! ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ይሄን እንኳ አልፈጨሁም። እማዬን ጠየቅኋት። መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ "ነፋስ ነው፤ የበረንዳው በር አይዘጋ" አለች። ብክነት በሚለው ቦታ "በነፋስ" ብዬ ጻፍኩ። እማዬ ዋሽታኝ አታውቅም።

ምሳዋን አልበላችም። ሆዷ እምቢ ብሏታል። ትናንትም እንዲሁ ነበረች። የዝናቡ ቅዝቃዜ ይሆናል።

እሑድ 23

ቤቱ ዛሬ የፍርድ ቤት ደጅ መሰለ። የሠፈራችን ክሊኒክ ነርስ ለነጭ ጋውን ጨርቅ አምጥታ ነበር። እማዬ "ይሄ ነጭ አይደለም፣ ቢጫ ነው፤ አታለውሻል" አለቻት። ነርሷ "እትዬ፣ በረዶ የመሰለ ነጭ ነው!" ብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። እማዬ "ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ ነጭ ሳልለይ ኖሬያለሁ በይኛ!" ነርሷ ስትወጣ ደረጃው ላይ ለጎረቤታችን "ዓይናቸውን ቢታዩ ይሻላል" ስትል ሰማኋት። ተናደድኩላት። በእናቴ ሙያ!

ግን ጨርቁ ነጭ ነበር። አምፖሉ ያረጀ መስሎኝ ሄጄ አዲስ ገዛሁ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ ቀየርኩት።

"አሁንስ?" አልኳት።

"ይሄም ያው ቢጫ ነው" አለችኝ። ደግሞ አስመለሳት።

ማክሰኞ 25

የሐኪም ቤት ኮሪደር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እጄ ስለማያርፍ እጽፋለሁ።

ጠዋት እማማ ዘንድ ነበርኩ። ሥር ሲያበጥሩ፣ ላስቃቸው ብዬ የነጩን ጨርቅ ጠብ አጫወትኳቸው። ወንፊቱን መሬት አስቀመጡት።

"ድገሚው።"

"ነጩን ቢጫ ነው ብላ..."

"ሆዷስ?"

ቢጫው ያኔ ነው የገባኝ። "እምቢ ብሏታል" አልኩ።

"ኪኒን ትወስዳለች?"

"አዎ።"

"ቅጠሌ ቤትሽ አለ?"

መልሱን ከአፌ ሳይሆን ከፊቴ አነበቡት። ለበሽተኛ ብለው ከዚያ ክፍል ሲወጡ አይቻቸው የማላውቅ ሴት ጫማቸውን አጥልቀው ከእኔ ቀድመው ታክሲ አስቆሙ። በመንገድ ላይ እኔ ነበርኩ የማወራው፤ "ነፋስ ነው ብላኝ ነበር፣ ነፋስ ነው ብላኝ..." እያልኩ።

ስንደርስ እማዬ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታለች። ነቅታለች፣ ግን ከንፈሯ አመድ መስሏል። እማማ ተንበርክከው ሦስቱን ጣቶች አሳረፉ። ተነፈሱ። ደግመው ተነፈሱ። በዚያ ሰዓት እንኳ ትንፋሻቸው አልቸኮለም።

"ሦስት አይሞላም" አሉኝ። በአንድ ትንፋሽ ሦስት የማይሞላ።

"ማርከሻ ይስጧት፣ እማማ! ይኖርዎታል አይደል?"

"ማርከሻው ሐኪም ቤት ነው። የቀረውን ቅጠል ከነጋዜጣው አምጪ። ኪኒኗንም።" ከዚያ ወደ እማዬ ጎንበስ ብለው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ "ስንት ጠጣሽ፣ ልጄ?"

ለእኔ ያልተናገረችውን ለእሳቸው ተናገረች። "አምስት ቀን አንድ አንድ ቅጠል። ሲሻለኝ ጊዜ ሁለት ሁለት። ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው፣ ሁለት ሁለት ካልኩ።"

ቆጠርኩ። ሃያ አንድ። ጋዜጣው ላይ ሦስት ቀርተዋል። ሒሳቡ ልክ ነው። በዚህ ሁሉ ሳምንት ልክ የሆነልኝ አንድ ሒሳብ ይሄ ነው።

ተረኛ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥ። እማማ ጋዜጣውን ፊቱ ዘርግተው፣ "ይቺን ነው፤ ይሄን ያህል፤ ከዚህ ኪኒን ጋር። ትርታዋ በአንድ ትንፋሼ ሦስት አይሞላም" አሉት። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጠፉባት።

"መሣሪያው አርባ አንድ ይላል" አለ። "እርስዎ በደቂቃ ስንት ይተነፍሳሉ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ እሷን ጠይቃት፣ እሷ ናት የምትቆጥረኝ።"

"አሥራ አምስት" አልኩ። ሐኪሙ በልቡ አሰላ፤ ወረቀቱን አየ፤ እማማን አየ። "ኪኒኑና ይቺ ቅጠል የአንድ ቤት ልጆች ናቸው" አለኝ ከዚያ። "ቅጠሉን ባታመጡት ምክንያቱን ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄድብን ነበር። ግማሽ ቀን ደግሞ አልነበራትም።"

አልነበራትም አለ። እየደጋገምኩ እጽፈዋለሁ። አልነበራትም።

እማማ አግዳሚው ላይ አጠገቤ አሉ። ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ይተነፍሳሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ለመተንፈስ እየሞከርኩ ነው።

ረቡዕ 26

አርባ ስድስት። ከሰዓት አርባ ዘጠኝ። ሽቦው አልተነሣም። ውኃ ጠየቀች! ውኃ ስለጠየቀች ያለቀስኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሐሙስ 27

ሃምሳ ስምንት። ዛሬ አወራን።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? አንቺ ያን ያህል ስታሞግሺያት! ግንበኛው ተነሣ፣ እገሊት ዳነች። እኔም ልነሣና ላስገርምሽ አልኩ።"

"እማማ ኪኒን ለሚወስድ ሰው እኮ አይሰጡም! ሳይሰጡ በፊት የሚጠይቁት እሱን ነው!"

"እሱን ነግረሽኛል?"

አልነገርኳትም። ደብተሬን ከመጀመሪያው ገለበጥኩ። ጫማው፣ ትራሱ፣ በሩ ድረስ መሄዱ፣ ኪኒኑ፤ ሁሉም በገዛ እጄ ተጽፈዋል። ቢጫው ሁለቴ ተሰምሮበታል። ቤት ይዤው የገባሁት ግን ያማረውን ብቻ ነው። ግንበኛውን አመጣሁ፤ ተቆጥቶ የሄደውን ሹፌር በር ላይ ተውኩት። እናቴ ነጠላ ጫማ አድርጋ በጭቃ ስትወጣ እየሳቅሁ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

"ቀጠሮውስ? ከጎረቤት ጋር ሄደሽ ነበር?"

"ደረጃውን ወርጄ መመለሱ ፈራኝ" አለች።

የተገላቢጦሽ ነው የተናገረችው፤ ፈርታ ነው። አላረምኳትም።

እሑድ 30

እማማን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቃላቱን በመንገድ ስደረድር ነበር፤ ስደርስ ተበተኑብኝ። ከእንግዲህ በሬን አትርገጪ ቢሉኝ እውነት አላቸው።

እሳቸው ግን ከመደርደሪያው ሥር አንድ ዝገት የበላው ቆርቆሮ አወጡ፤ ባዶ ነው። "ይሄ የእህቴ ነው" አሉኝ። "ኮረዳ ሳለሁ፣ ሙያው ገና ሲጣፍጠኝ፣ ብልሃቴን ላሳያት ብዬ ደወል ቅጠል ሰጠኋት። ጥያቄ አልጠየቅኋትም፤ እህቴ አይደለች? ዘመዴን የማውቀው መስሎኝ።"

"ዳኑ?"

ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሱ። "አራቱን ጥያቄ ያመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።"

ከዚህ በፊት የማደንቃቸው ስለሚያውቁት ነበር፤ ዛሬ ግን ስለሚጠይቁት።

"እናትሽን አምጪያት" አሉኝ ስወጣ፤ "ቅጠል አልሰጣትም። ነጭ ቀሚስ ግን ትሰፋልኛለች።"

ማክሰኞ 2

ሰንጠረዡን አስረከብኩ። አለቃዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አወጣ።

"አሥራ ሰባት ቁጥር፣ መጠን የሚለው ባዶ ነው።"

"ባዶ አይደለም፤ አራት ጥያቄ ተጽፎበታል።"

"ጥያቄ መጠን አይሆንም።"

ነገርኩት። ስለ ጋዜጣው፣ ስም ስለሌለው ቁጥር፣ ስለ ሃያ አንዱ ቅጠል። ምክንያቴን ሳላሳምር። ቁጥር ብቻ ይሁን ያለው እሱ መሆኑን አላነሳሁም፤ እሱ ግን ራሱ አነሳው። "ደንቡ የእኔ ነበር" አለ፣ ቀስ ብሎ። ናሙና ቤት በማስቀመጤም ቁጣ ጠበቅሁ፤ መጣም፤ ይገባኛል፤ ቋሚነቴ ለመጪው ዝናብ ተላለፈ።

ከዚያ ማስመሪያ አወጣ። ከሁሉም ዓምዶች ፊት፣ ከስሙም በፊት፣ አምስተኛ ዓምድ አሰመረና በዚያች ቁልጭ ባለች ጽሑፉ "ከመስጠት በፊት የሚጠየቅ" ብሎ ጻፈበት። ሰው ለካ እንደ አቅሙ ነው የሚያዝነው።

ዓርብ 12

ዝናቡ ሊያበቃ ነው። እማዬ ቤት ከገባች አሥር ቀን አለፋት። ኪኒኗን ሐኪሙ አስተካክሎላታል፤ ቀጠሮዋን እኔ ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አብሬያት እሄዳለሁ። ጋዜጦቹ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሰዋል። በአሥራ ሰባት ቁጥር ላይ አሁን ስሟም፣ ጠባይዋም፣ ማንን እንደማትወድም በትልቁ ተጽፏል።

ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እጇን እይዛለሁ። በሦስት ጣት። መጀመሪያ ትንፋሼ እስኪረጋ እጠብቃለሁ፤ ዱሮ ይሄ ለእኔ ዘላለም ነበር። ዛሬ ቶሎ ረጋልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

ከዚያ ከክር ሳጥኗ ሁለት ጥቅል አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩላት። ለእማማ ቀሚስ የምትመርጥ አስመስዬ ነው የምጠይቃት፤ እሷም የማታውቅ አስመስላ ነው የምትመልስልኝ።

"ይሄ ነጭ" አለች፣ "ያ ክሬም። አሁን እጄን ልቀቂኝ፤ ሥራ አለብኝ።"